አካፋ ለመያዝ የሚያግደው ነገር የለም

አሶሳ፣ ጥር 21 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለዶክተር ደምመላሽ አበጀ
ፓዌ

«በታካሚው ላይ በተደረገው የደም፣ የሽንትና የራጅ ምርመራ ምንም ዓይነት በሽታ አልተገኘም። ታካሚው ሕመሙን ለመግለጽ ያቀረበው አሥራ አራት ገጽ ጽሑፍ አንድም ስርዝ ድልዝ የሌለበት፣ እጅግ ባማረ እጅ የተጻፈ በመሆኑ፣ አካፋ ለመያዝ የሚያግደው ነገር የለም።»

ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት። ታኅሣሥ 18 ቀን፣ ወደ ፓዌ ሳይዛወሩ አሶሳ ሳሉ፣ ማኅተም መትተው ለወንድማማች እድር ልከዋል። ቃል በቃል የገለበጥኩት ረስተውት ከሆነ እንዲያስታውሱት፣ አስታውሰውት ከሆነም እንዳይክዱት ነው።

ሰላምታ አላስቀደምኩም። ሰላምታ የሚገባዎ መሆን አለመሆኑን ከመልስዎ አይቼ እልካለሁ።

በቀን ሰባ ሰው ስለሚያዩ ላያስታውሱኝ ይችላሉ። ጅረኛ ዲማ እባላለሁ። ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። በዚህ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆነ፤ ልጅ አልወለድንም።

በእድራችን ደንብ መሠረት ቀብር ሲኖር አቅም ያለው ወንድ ሁሉ ወጥቶ ይቆፍራል። የማይችል የሐኪም ወረቀት ያመጣል። ወረቀት ሳያመጣ የቀረ ይሰረዛል። የተሰረዘ ሰው ሲሞት ድንኳን አይተከልለትም፣ ቃሬዛ አይወጣለትም፣ ጉድጓዱንም የሚቆፍርለት የለም። ዘመድ ያለው ሰው ይህን ይችለው ይሆናል። እኔ ዘመድ የለኝም።

ኅዳር ላይ ጎረቤቴና ጓደኛዬ ረጋሳ ሞተ። የትምህርት ቤታችን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ወባ በአራት ቀን ወሰደው። ባለቤቴ ስትሞት በዚህ ድንጋያማ ቀይ አፈር ላይ የመጀመሪያውን ዶማ የመታው እሱ ነው። የእሱን ጉድጓድ ግን እኔ አልቆፈርኩም። ቀብሩም ላይ አልተገኘሁም። እድሩ ወረቀት አምጣ አለኝ፤ ወደ እርስዎ መጣሁ፤ እርስዎም ከላይ ያለውን ጻፉ።

ሕመሙ አራት ዓመት ሆነው። መጀመሪያ ወባ ነው ተባልኩና ሦስት ጊዜ ክኒን ጨረስኩ። ቀጥሎ ታይፎይድ ሆነ። ቀጥሎ ቁርጥማት ነው ተብዬ በየወሩ ተወጋሁ። ነቀምቴ ወርጄ ራጅ ተነሣሁ፤ «አጥንትህ የወጣት ነው» አሉኝና እንኳን ደስ ያለህ ብለው ሸኙኝ። ባምባሲ ያለ ወጌሻ አሽቶኝ ሁለት ሳምንት ከአልጋ አልወረድኩም። እያንዳንዱ ያለፈውን ስም ሰርዞ የራሱን ጻፈ። እርስዎ ደግሞ ስሙን ሁሉ ሰርዘው ቦታውን ባዶ ተዉት፤ ባዶውንም «ጤና» አሉት።

ቴርሞሜትር ርቀት አይለካም። በቴርሞሜትር ለክቶ «ርቀት የለም» ብሎ የጻፈ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ከእኔ ዜሮ ያገኛል።

የምጠይቀው የጻፉትን እንዲያርሙና እርማቱን ለእድሩ ዳኛ ለኦቦ ዳበሳ እንዲልኩ ነው። በአዲሱ የክልል አከፋፈል አሁን እርስዎና እኔ አንድ ክልል ሆነናል። በካርታው ላይ ከአሶሳ እስከ ፓዌ በጣቴ ብለካው አንድ ስንዝር አይሞላም። ይህ ደብዳቤ ግን በወለጋ አድርጎ አዲስ አበባ ይወጣል፣ ከዚያ በጎጃም ዞሮ ይደርስዎታል። የመንገዱን ርዝመት ለዝምታዎ ምክንያት እንዳያደርጉት።

ጅረኛ ዲማ

———

አሶሳ፣ የካቲት 25 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለዶክተር ደምመላሽ አበጀ

ደብዳቤዎ ሐሙስ ደረሰኝ። መልስ መጻፍዎ ብቻ ከሌሎቹ ይለይዎታል። ይሁን እንጂ እርማት ስጠብቅ ጥያቄ ነው የላኩልኝ። አምስት ጥያቄዎች ናቸው። ሦስቱን እመልሳለሁ።

ሕመሙ በአንድ ጎን አይደለም። በግራም በቀኝም፣ ከወገብ በላይም ከወገብ በታችም ነው። «ከሁሉ የሚብሰው የት ነው?» ብለዋል። ረጋሳ አንድ ቅዳሜ ይህንኑ ጠይቆኝ ስዘረዝርለት ታከተውና፣ «ያላመመህን ብቻ ንገረኝ፤ ወረቀት እንቆጥባለን» ብሎኝ ነበር። ለእርስዎም ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ስለ እንቅልፍ ጠይቀዋል። እተኛለሁ። ስነቃ ግን ማሽላ ስወቃ ያደርኩ እመስላለሁ። እጄን ዘርግቼ ጫማዬን እስክይዝ ድረስ የመጀመሪያው ደወል ይደወላል።

ስለ መርሳትም ጠይቀዋል። ይህን ማንም ሐኪም ጠይቆኝ ስለማያውቅ ደብዳቤውን አስቀምጬ ትንሽ ተቀመጥኩ። ባለፈው ወር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማርኩት የኦም ሕግ ጠፋኝ። ጠመኔውን ይዤ ወደ ተማሪዎቹ ዞርኩ። ተማሪዎቹ ልፈትናቸው መስሏቸው በአንድ ድምፅ ነገሩኝ። «ጎበዞች» አልኳቸውና ተቀመጥኩ። እስከ ዛሬ ይህን የነገርኩት ሰው የለም።

አራተኛው ጥያቄዎ የእኔ የአሁኑ እጅ ጽሑፍ እንዲህ የሚንገዳገድ ሆኖ ሳለ የአሥራ አራቱ ገጾች ለምን እንደሚያምር ነው። ይህን አልመልስም። በዚህ ጉዳይ ከሳሹ እኔ ነኝ።

አምስተኛውን ከፊርማዎ በታች ነው የጻፉት፦ «ማን ይንከባከብዎታል?» የሕክምና ጥያቄ ከሆነ ማንም ብለው ይመዝግቡት። ለጨዋታ ከሆነ አላየሁትም።

ስለ ጎረቤቶቼ ግን አንድ ነገር ልጨምር። የረጋሳ ባለቤት ወይዘሮ ብሪቱ ከእኔ ሦስተኛው ቤት ነው የምትኖረው። ከኅዳር ወዲህ ጤና ይስጥልኝ ብላኝ አታውቅም። ቀድሞ በአጥሩ ላይ ጎመን ታቀብለኝ ነበር። አሞኝ ነው እንዳልላት የእርስዎ ማኅተም ያለበት ወረቀት በእድሩ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።

እርማቱን እጠብቃለሁ።

ጅረኛ ዲማ

———

ፓዌ፣ መጋቢት 14 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህር ጅረኛ ዲማ

እንደምን ሰነበቱ? ሰላምታዬን ባይቀበሉትም እኔ ግን ሳላቀርብ ብቀር እናቴ አሳደገችኝ አልባልም። እኔ ደኅና ነኝ። ሙቀቱ በርትቷል። ሥራው ብዙ ነው፤ የምማከረው የሙያ ባልደረባ ግን የለኝም። ስለዚህ የእርስዎ ቁጣ እንኳ ሲመጣ ፖስታውን ቶሎ ነው የምከፍተው።

የጠረጴዛዬ አንድ እግር ስለሚያጥር ከተማሪ ቤት ይዤው የመጣሁትን የሕክምና መጽሔት ከሥሩ አድርጌው ኖሬአለሁ። ሁለተኛው ደብዳቤዎ ከደረሰኝ በኋላ አወጣሁት። ጠረጴዛው አሁን ይነቃነቃል።

ፋይብሮማያልጂያ የሚባል ሕመም አለ። በትምህርት ቤት ግማሽ ሰዓት እንኳ አልተማርነውም። በደም አይታይም፣ በራጅም አይታይም። የሚያመው ሰው ግን መላ አካሉን ያመዋል፤ ተኝቶ አያርፍም፤ የሚያውቀውን ይረሳል። ደሙ ንጹሕ ስለሆነ አንዳንዱ ሐኪም ሌላ ስም ይሰጠዋል፣ አንዳንዱም እንደ እኔ ያደርጋል። መለየት የሚቻለው በጣት ነው። በሰውነት ላይ አሥራ ስምንት የተወሰኑ ቦታዎች አሉ። ሌላ ሰው በአውራ ጣቱ ጥፍሩ እስኪነጣ፣ በአራት ኪሎ ክብደት ይጫናቸዋል። በአሥራ አንዱና ከዚያ በላይ ካመመ፣ ሌላውም ምልክት ከተገኘ፣ ስሙ ይሰጠዋል። ሰው ራሱን ተጭኖ ማወቅ አይችልም።

መጥቼ እንድመረምርዎ ፈቃድ ጠይቄ ተከልክያለሁ። እዚያም በእኔ ቦታ እስካሁን የተመደበ የለም። ስለዚህ ከደንብ ውጭ የሆነ ነገር ላድርግ። ከዚህ ጋር ለኦቦ ዳበሳ የታሸገ ፖስታ አለ። የሚጫኗቸውን ቦታዎች ጽፌላቸዋለሁ። ከመካከላቸው ሐሰተኞች አሉባቸው፤ በዚህ ሕመም ሊያምሙ የማይገባቸው። የሚያስመስል ሰው የሚያዘው እዚያ ላይ ነው። እባክዎ እርስዎ እንዳይከፍቱት። የአራት ኪሎውን አለካክ ለፊዚክስ መምህር አላስረዳም።

ስለ ታኅሣሡ ወረቀት ገና አልጻፍኩም። የምጽፈውን እስካውቅ ይታገሡኝ። አሥራ አራቱ ገጾች እዚህ እኔ ዘንድ ናቸው። ለምን ይዣቸው እንደ መጣሁ ዛሬ መናገር ያሳፍረኛል።

አክባሪዎ
ዶ/ር ደምመላሽ አበጀ

———

አሶሳ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለዶክተር ደምመላሽ አበጀ

ምርመራው አልተደረገም። ደግሞም ሊደረግ አይችልም። እንዴት እንደ ሆነ በቅደም ተከተል እነግርዎታለሁ።

ፖስታው የደረሰኝ መጋቢት 25 ቀን ነው። ወደ መብራት እንኳ አላስጠጋሁትም፤ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አኖርኩት። ኦቦ ዳበሳ ለእህል ንግድ ባምባሲ ከርሞ የተመለሰው ለእድሩ ስብሰባ ነበር፤ ስለዚህ እሁድ ሚያዝያ 13 ቀን ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ አንድ ሚዛን ተውሼ፣ ፖስታውንም ይዤ ሄድኩ።

«ኦቦ ዳበሳ፣ ይህ ከዶክተሩ ለአንተ የመጣ ነው። ለብቻህ ክፈተው» አልኩት።

«ለብቻዬ?» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። «በደርግ ጊዜ በዚህች ከተማ በታሸገ ፖስታ ስንቱ እንደ ተበላ ጠፋህ? የታሸገ ነገር እዚህ አይገባም ብለን የፈረምነው አንተም እኔም ነን። ታረቀኝ፣ ቅደደውና አንብበው።»

ታረቀኝ የእድሩ ጸሐፊ ነው። ዳበሳ ያለው እውነት ነው። አንቀጽ ዘጠኝ «ለእድሩ የመጣ ማናቸውም ጽሑፍ በጉባኤ ፊት ይነበባል» ይላል። ያንን አንቀጽ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። በእርስዎ ብልሃትና በገዛ አንቀጼ መካከል አፌ ተያዘ። ታረቀኝ ደግሞ ማንበብ ይወዳል።

«ግንባሩንና የአውራ ጣቱን ጥፍር ሲጫኑ አመመኝ ካለ ይጠርጠር» ብሎ ጀመረ። ሐሰተኞቹን መጀመሪያ ላይ አድርገዋቸው ኖሯል። ከዚያ ማጅራቱን፣ ትከሻውን፣ ክርኑን ማንበብ ሲቀጥል ተነሥቼ «አቁም! ይበቃል!» አልኩ።

«ምነው መምህር፣ ገና ሳንነካህ?» አለኝ ታረቀኝ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

ሚዛኑን ግን ወደዱት። እየተቀባበሉ በአውራ ጣት መጫን ያዙ። አራት ኪሎን ልክ ያመጣ አልነበረም። ዳበሳ ሰባት አደረሰው። «ይኼ ጣት በሬ ይጥላል፤ መምህርን ለእሱ አትስጡት» አሉ። ብዙ ከተለማመደ በኋላ ዳበሳ አራቱን አገኘና ጠራኝ።

«በል ቅረብ። ጣቴን አሠልጥኛለሁ።»

«አልቀርብም። ቦታዎቹን ሰምቻለሁ። መልሱን የሰማ ተማሪ አይፈተንም።»

«እንዳልሰማህ ሁንና ተፈተን እንግዲህ!»

«እንዳልሰማሁ መሆን ማስመሰል ነው። የተከሰስኩበትም እሱ ነው።»

ዳበሳ ወደ ሰዉ ዞረና፣ «እዩልኝ፣ ከአውራ ጣት የሚሸሽ ሰው ለአካፋ ይመጣል?» አለ። ከዚያ ቁም ነገሩን ወሰኑ። እስከ ዓመታዊው ጉባኤ፣ እስከ እሁድ ሰኔ 30 ቀን፣ ያለፈውን የሚሽር ማኅተም ያለበት ወረቀት ካልመጣ ስሜ ይሰረዛል። ተቃውሞ አልነበረም። እኔ ራሴ መቃወም አልቻልኩም፤ ደንቡ ያንን ነው የሚለው።

ወደ ቤቴ ስመለስ ወይዘሮ ብሪቱ ከበሯ ላይ ቆማ ነበር። ሳቁ እስከ እሷ ሳይሰማ አልቀረም። ሚዛኑን ታቅፌ አለፍኩ።

በተለየ ብጣሽ ወረቀት ላይ የቀብሩ ዕለት ለምን ከቤት እንዳልወጣሁ ጠይቀውኛል። እሱም ከማይመለሱት ጋር ይመዝገብልኝ። ሌላ የታሸገ ፖስታ አይላኩ።

ጅረኛ ዲማ

———

ፓዌ፣ ግንቦት 8 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለተከበሩ መምህር ጅረኛ ዲማ

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። በሁለተኛው አዘንኩ። በሦስተኛው ያፈርኩበትን ነገር ለመናገር ወሰንኩ።

አሥራ አራቱን ገጾች ይዤ የመጣሁት ጽሑፉ ስላማረኝ ነው። ሌላ ምክንያት የለም። ያን ቀን በሩ ላይ ሕዝብ ነበር፤ ሁለት ገጽ አንብቤ የቀረውን ገለጥ ገለጥ አደረግሁት። አየሁት እንጂ አላነበብኩትም። ወረቀቱን የጻፍኩብዎት ያላነበብኩትን ጽሑፍ ማስረጃ አድርጌ ነው።

ሚያዝያ 26 ቀን የእርስዎ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ገጾቹን አውጥቼ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኳቸው። በሕዳጉ ላይ በእርሳስ፣ በጣም በደቃቁ የተጻፈ ነገር አለ። እርስዎ የሚያውቁት አይመስለኝም። ብዙ ስለሆነ ዋና ዋናውን እንዳለ ገልብጨዋለሁ።

ገጽ 3፦ «ማጅራቱን ግራና ቀኝ ተጫንኩት። ጣቴ ሳያርፍ ሸሸ። ረ.»

ገጽ 5፦ «ሸሚዝ ሳለብሰው ትከሻው ላይ ስደርስ ትንፋሹን ይይዛል። ኮሌታ እንኳ ይከብደዋል። ለሰው አይናገርም፤ እኔንም አትናገር ብሎ አስምሎኛል። ረ.»

ገጽ 8፦ «ግንባሩን ተጫንኩት። ሳቀብኝ። 'እሱ ደኅና ነው፤ የራስህን አስመርምር' አለኝ። ረ.»

ገጽ 9፦ «ጥፍሩን ጨመቅሁት። ምንም። የሚዋሽ ቢሆን ይኼንንም አመመኝ ባለ። ረ.»

ገጽ 11፦ «እውነቱን ለመናገር ተጠራጥሬው ነበር። መምህር ነገር ያበዛል። በሦስት ቅዳሜ እየቀያየርኩ አንዱን ቦታ ደግሜ ነካሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ እዚያው ላይ ነው የሸሸው። ከእንግዲህ አልጠራጠርም። ረ.»

ገጽ 14፦ «ለዳበሳ መንገር አለብኝ። መምህር ይቆጣኛል፤ ይቆጣ። ከገና በኋላ እነግረዋለሁ። ረ.»

ከመጽሔቱ ጋር አመሳከርኩት። «ረ.» ማንም ይሁን ማን፣ ሳያውቀው ከአሥራ ስምንቱ አሥራ ስድስቱን ነክቷል። በአሥራ ሦስቱ አሞዎታል። ሊያምሙ በማይገባቸው ሁለት ቦታዎች ላይ አላመመዎትም። ይህን ያደረገው ደግሞ እርስዎም እሱም ዝርዝሩን ሳትሰሙ ነው።

አሁን ከባዱን ልናገር። በገጽ 14 ግርጌ፣ ከፊርማዎ በላይ፣ «ከላይ ያለውን ሁሉ በራሴ እጅ የጻፍኩት መሆኑን አረጋግጣለሁ» ይላል። ይህ እውነት ከሆነ የሕዳጉም ጽሑፍ የእርስዎ ነው፤ ሰውም ስለ ራሱ የሚጽፈው ምስክርነት አይሆንም። እውነት ካልሆነ ግን ምስክር አለዎት። ስለዚህ ስለ እጅ ጽሑፉ ቀድሞ የጠየቅኩትን እንደገና እጠይቃለሁ። ገጾቹን የጻፈው ማን ነው? «ረ.» ማን ነው? መልሱን ሳላገኝ የምፈርመው ነገር የለም። ስህተቴን በሌላ ስህተት አላርምም።

አክባሪዎ
ዶ/ር ደምመላሽ አበጀ

———

አሶሳ፣ ሰኔ 4 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለዶክተር ደምመላሽ አበጀ

እንደምን ሰነበቱ? ከጥር ጀምሮ ያቆየሁብዎትን ሰላምታ ይቀበሉኝ። የሥራዎ ጫና እንዲቀልልዎ፣ የጠረጴዛዎም እግር እንዲቃናልዎ እመኛለሁ።

ረ. ረጋሳ ነው።

በየቅዳሜው ይመጣ ነበር። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። በመዝገብ ቤት ሃያ ዓመት የሰው ስም ሲጽፍ ስለኖረ እጁ እንዲያ ነበር። እየጻፈ በእርሳሱ ጀርባና በጣቱ ይነካካኛል፤ ነገረኛነት ነው ብዬ እቆጣው ነበር። መጠራጠሩን አላውቅም ነበር። አምስት ወር ሙሉ ማንም አያምነኝም እያልኩ ስጽፍልዎ እሱ ያምነኝ ነበር ብዬ ለብቻዬ የምጽናና ነበርኩ። አሁን ተጠራጥሮ፣ መርምሮ፣ ከዚያ ማመኑን ነገሩኝ። ገጽ 11ን ያነበብኩ ቀን ተናደድኩበት። በማግስቱ ደግሞ ከእሱ በቀር በቅጡ የመረመረኝ ሰው እንደሌለ ተረዳሁ። ከሞተ በኋላ ገጾቹን ገልጬ ማየት ስላልቻልኩ እንዳሉ አጥፌ ነው ለእርስዎ የሰጠሁት።

በገጽ 14 ግርጌ ያለው ሐሰት ነው። ያንን አንድ መስመር ረጋሳ አልጽፍም ብሎኝ ነበር። «አንተ የተማሪ ኩረጃ የምትይዝ ሰው» አለኝ። ለምኜው ጻፈው፤ እኔ ፈረምኩ። እስክሪብቶና ጠመኔ ይዤ በደንብ መጻፍ እንደ ተሳነኝ ትምህርት ቤቱ እንዳይሰማ ነው ያደረግሁት። በእርስዎ ሐሰተኛ ዓረፍተ ነገር ላይ ስጮህ የራሴ ሐሰተኛ ዓረፍተ ነገር እርስዎ እጅ ላይ ነበር። የእርስዎ በእኔ ላይ እንደ ቆመ አውቃለሁ። ማንበብ ግን ነበረብዎት።

እሁድ ሰኔ 2 ቀን ይህንኑ ጽፌ፣ እርስዎ የገለበጡልኝንም አያይዤ፣ ሳላሽግ ለታረቀኝ ሰጠሁት። አንቀጽ ዘጠኝ ነውና በጉባኤ ፊት ተነበበ። ከሰዉ መካከል የእኛ ትምህርት ቤት ዘበኛ ነበር፤ ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ሰምቷል ማለት ነው። ይስማ። ታረቀኝ ገጽ 14 ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ያን ጊዜ ማንም አልሳቀም።

ኦቦ ዳበሳ «ከገና በኋላ» አለ። «ገናን መቼ አየና!»

ከዚያ ተነሥቶ ወደ እኔ መጣ። ያ ሰባት ኪሎ የሚጫን ጣቱን ግንባሬ ላይ አሳረፈና፣ «እዚህስ?» አለኝ። ሳቅሁ። ያሳቀኝ ነገር ምን እንደ ሆነ አላውቅም።

«ይስቃል» አለ ለሰዉ ዞሮ። «ረጋሳ እንዳለው ይስቃል።» ቀጥሎ ግን ወደ ወንበሩ ተመለሰና ዳኛ ሆነ። «ሳቅ ወረቀት አይደለም። ማኅተም ያለውን የሚሽረው ማኅተም ያለው ነው። እስከ ሰኔ 30 ብለናል፣ ሰኔ 30 ነው።» ልክ ነው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንዲሁ እል ነበር።

ሰኞ ወይዘሮ ብሪቱ በሬን አንኳኳች። አልገባም ብላ ደጃፉ ላይ ቆመች።

«ጽሑፉ የእሱ እጅ ነው?» አለችኝ።

«የእሱ ነው።»

«ስንት ወረቀት?»

«አሥራ አራት።»

«የት ነው ያለው?»

«ፓዌ፣ ዶክተሩ ጋ።»

«ለከተማው ሰው ሁሉ ሲጽፍ ኖረ። ማመልከቻ ይጽፋል፣ ውል ይጽፋል። እኔ ማንበብ አልችልም ብሎ ለእኔ አንድ መስመር አልተወም። ቤት ውስጥ ያለኝ መታወቂያው ላይ ያለችው ፊርማ ብቻ ናት። አሥራ አራት ወረቀት ፓዌ ድረስ ሄደ ትለኛለህ?»

መልሴን ሳትጠብቅ ቀጠለች።

«ጉድጓድ አልቆፈረም ብዬ የተቀየምኩህ መሰለህ? ቆፋሪማ ሞልቶ ነበር። ቆመህ ብታይ ምን አለበት? አንተ ነህ ያልነበርከው። ሰው ሁሉ 'መምህር የታለ?' ይለኛል።»

እርስዎ በብጣሽ ወረቀት የጠየቁኝን እሷ በደጃፌ ጠየቀችኝ፤ ስለዚህ ለሁለታችሁም መልሱ አንድ ነው። ለቀብር ነጭ ሸሚዝ ነው የምለብሰው። እጄን ወደ ኋላ መልሼ እጅጌ ውስጥ ማስገባት ካቃተኝ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። በየጠዋቱ ወደ ትምህርት ቤት ሲያልፍ ገብቶ የሚያለብሰኝ ረጋሳ ነበር። ታሞ በተኛባቸው አራት ቀናት በአንድ ሹራብ ነው ያስተማርኩት። የቀብሩ ዕለት ጠዋት ሸሚዙን አልጋው ላይ ዘርግቼ ታገልኩ። አንዱ እጅጌ ገባ፣ ሁለተኛው እምቢ አለ። ጎረቤት ልጥራ ብል ጎረቤቶቼ ሁሉ ቀብር ሄደዋል። የመጨረሻውን ቁልፍ ቆልፌ በሩን ስከፍት ሰዉ እየተመለሰ ነበር። በሩን መልሼ ዘጋሁት። በሹራብ መሄድ ይቻል ነበር ይሉኝ ይሆናል። ይቻል ነበር። ያን ጊዜ አልታየኝም።

ይህን ስነግራት እጅጌዬን ታያለች። ከዚያ «ነገ ጠዋት በስንት ሰዓት ነው የምትወጣው?» አለችኝ። አንድ ሰዓት ተኩል አልኳት። ሰምታ ሄደች። ዛሬ ጠዋት ከሰው ሐሜት ለመዳን እርጅና የተጫናትን እናቷን አስከትላ መጣች። አሮጊቷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ወደ ደጅ እያየች፣ እሷ ሸሚዜን አለበሰችኝ። ትከሻዬ ላይ ስትደርስ ትንፋሼን ያዝኩ። አየችው። «ጻፈው እንዴ ይኼን?» አለችኝ። «ገጽ አምስት ላይ» አልኳት።

አሁን ወደ ጉዳያችን።

ሳያዩ «ፋይብሮማያልጂያ ነው» ብለው እንዲፈርሙ አልጠይቅዎትም። ረጋሳ ጣቱን በሚዛን አልለካም፤ ይህን እርስዎ ከማለትዎ በፊት እኔ እላለሁ። ሌላም ምልክት መታየት እንዳለበት ጽፈዋል። ፈቃድ ሲያገኙ ይመጣሉ፤ ይጫኑኛል፤ የሆነውን ያን ጊዜ ይጽፋሉ። እስከዚያ ድረስ ስሙ ባዶ ይሁን። ባዶውን ግን ጤና አይበሉት። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው።

«አካፋ ለመያዝ የሚያግደው ነገር የለም» የሚለውን በማኅተም ይሻሩ። የሻሩበትንም ምክንያት፣ ጽሑፉ የእኔ እጅ እንዳልሆነና ሳይነበብ እንደ ተፈረደበት፣ በግልጽ ይጻፉ። ለኦቦ ዳበሳ ይላኩት፤ ሳይታሸግ።

አሥራ አራቱን ገጾች በአደራ ፖስታ ለወይዘሮ ብሪቱ ይላኩ። ለእኔ አይደለም፤ በእሷ ስም። የሕዳጉ እርሳስ እንዳይደበዝዝ በመካከላቸው ስስ ወረቀት ያድርጉ። ማንበብ ባትችልም መቁጠር ትችላለች፤ አንድ ቢጎድል ታውቃለች። እሷ ገጾቹን እየነካች እኔ እንዳነብላት ጠይቃኛለች። ለእሷ ባይጽፍላትም ቢያንስ ከእጅ ጽሑፉ ትሰማዋለች።

የእኔን ሐሰት በጉባኤ ፊት አርሜአለሁ። የቀረው የእርስዎ ነው። ፖስታው አዲስ አበባ ዞሮ እንደሚመጣ አስቤ ቀኑን ቆጥሬአለሁ። መልስዎን በጽሑፍ፣ ከሐሙስ ሰኔ 27 ቀን 1988 ዓ.ም. ሳያልፍ እጠብቃለሁ።

ጅረኛ ዲማ
(በራሴ እጅ የጻፍኩት፤ ሁለት ቀን ወስዷል)